ወጌሻው የመለሳቸው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ይገዙ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ክርክር ግን ወዲያው ጸጥ አላለም።

የክርስትና ድግስ ነው። ሕፃኑ ተጠምቆ ተኝቷል፣ ምሳው ተነሥቷል፣ የተጋበዙት ወላጆች ደግሞ ከቀትር ጀምሮ አንድ ነገር ይዘው አልለቀቁም፤ ከከተማው የግል ትምህርት ቤቶች አንደኛው የትኛው ነው? አንዱ አባት የሚለካው በር ላይ በሚሰቀለው ባነር ነው፤ የስንት ልጅ ፎቶ እንዳለበት በቃሉ ያውቃል። ሌላው የሚለካው በእንግሊዝኛው ነው። የእሱ ልጅ ገና በአራት ዓመቷ አያቷን በእንግሊዝኛ ትቆጣለች፣ አያትየውም ምን እንደተባሉ ባይገባቸውም ደስ ብሏቸዋል። አንዲት እናት ደግሞ የመዋኛ ገንዳ አነሣች። ባሏ ልጃቸው ውኃ እንደሚፈራ ቢያስታውሳትም ገንዳው መኖሩ ራሱ በቂ ነው አለች። እንዲህ ሲከራከሩ ያስቃሉ እንጂ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለልጅ የሚሳሳ ሰው የማያደርገው ምን አለ?

ከሁሉም አብዝታ የተከራከረችው ሰብለወንጌል ነበረች። መድኃኒት ቤት አላት። አንድያ ልጇ ኤልዳና ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረውም አብዛኛው ሰው አንደኛ ነው በሚለው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የወደቀ ልጅ ኖሮ አያውቅም። ሰብለወንጌል ይህን ብቻ ሦስት ጊዜ ተናግራለች። ያልተናገረችው ከትናንት በስቲያ ስለደረሳት ደብዳቤ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ልጅዎ ወደ ስምንተኛ ክፍል ከማለፏ በፊት ለአቅሟ የሚስማማ ሌላ ትምህርት ቤት ቢፈልጉላት ይላል፤ በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነው።

ሰዎቹ እርስ በርስ ሲጯጯሁ ወንበሯን ይዛ ወደ መምህር ይገዙ ተጠጋች። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እሷንም ሁለተኛ ክፍል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን በጠረጴዛው ሥር አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ጋሼ፣ ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ?» አለቻቸው። «ወይስ እሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ልውሰዳት? እዚያኮ የሚያልፈው ግማሹ ልጅ ብቻ ነው።»

መምህሩ ወረቀቱን አጥፈው መለሱላትና ያን ጊዜ ነው «አንድ ሰው ነበረ» ያሉት። ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ስለሆነ አንድ ሁለት ሰው ዘወር አለ፤ ቀስ በቀስም ሁሉም። ሰብለወንጌል ጉዴን ሊያወጡት ነው ብላ ደነገጠች። እሳቸው ግን ስለ ደብዳቤው ምንም ሳያነሡ እንዲህ ብለው ተረኩ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በቅሎ መነገድ ነው። አንዲት በቅሎ ከሩቅ ስትመጣ አረማመዷን አይቶ ዕድሜዋንም አመሏንም የሚነግራችሁ ዓይነት ሰው ነው። በአገሩ ሁለት ወጌሾች ነበሩ። አንዱ ወጌሻ የሚኖረው ኮረብታው ላይ ነው፣ ሌላዋ አሮጊት ናት፣ የምትኖረውም ወንዙ ዳር ነው። ነጋዴው በገበያ ቀን ጥግ ይዞ ይቀመጥና እንደ ልማዱ የሚያልፈውን እግር ሁሉ ያያል። ይኼ ከኮረብታው ወጌሻ እጅ የወጣ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያቺ ከወንዟ ወጌሻ ናት፣ ታነክሳለች። ዓመት ሙሉ ሲቆጥር ከርሞ ለገበያተኛው የወጌሾቹን ደረጃ አወጣለት፤ ከኮረብታው ወጌሻ ዘንድ እያነከሰ የተመለሰ አንድም ሰው የለም፣ ከወንዟ ወጌሻ ዘንድ ግን ግማሹ ያነክሳል። ሐሰት አልተናገረም። ያየውን ነው የተናገረው፤ ገበያተኛውም ተቀብሎት ከአፍ አፍ ሄደ።

እሱ ራሱ ግን አጥንት ተሰብሮበት አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን የዐሥር ዓመት ሴት ልጁ ገና ካልተገራች በቅሎ ላይ ወደቀች። እግሯ ከጉልበቷ በላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ ሠራ። ወንዙ ቅርብ ነው፣ ወደዚያ እንውሰዳት ቢሉት ነጋዴው ተቆጣ፤ የእኔ ልጅ አንካሳ ወደሚፈለፈልበት አትሄድም አለ። ግማሽ ቀን ሙሉ አቀበቱን ተሸክመዋት ወጡ። ልጅቷ መጀመሪያ ስታለቅስ ቆይታ ኋላ ዝም አለች፣ አባቷንም ከልቅሶዋ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራው።

የኮረብታው ወጌሻ ግቢ የተጠረገ፣ ጸጥ ያለ ነው። አንዱ እጁ ወለም ብሎት፣ ሌላው ትከሻው ወልቆ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወጌሻው በእውነት ጎበዝ ነበር። የልጅቷን እግር በጣቱ ጫፍ ዳሰሰና እጁን ሰበሰበ።

«ይችን ልጅ አልይዛትም» አለ። «ብትድን እንኳ ማነከሷ አይቀርም። ከዚህ ግቢ ደግሞ እያነከሰ የወጣ ሰው የለም።»

ነጋዴው ለመነ። ወጌሻው አዘነ፣ ውኃ አስመጣላቸው፣ ለመንገድ የሚሆን ቆሎም አስያዛቸው፤ ቃሉን ግን አልለወጠም። በመጨረሻ ነጋዴው፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ስንቱን መልሰዋል ብሎ ጠየቀው። ወጌሻው ትንሽ አሰበ።

«የመለስኩትን ቆጥሬ አላውቅም» አለ።

ነጋዴው ቁልቁለቱን ሲወርድ ይህችን ቃል ነበር የሚያመላልሳት። እሱም ቆጥሮ አያውቅም። ገበያ ላይ የሚታየው ከኮረብታው ድኖ የወጣው ነው፤ ከበሩ የተመለሰው ግን የት እንደገባ ማን ጠይቆ ያውቃል? ልጁን በዚያ ሁሉ አቀበት ያንገላታት የገዛ ቆጠራው ነው። ይህን ሲያስብ የልጁን ፊት ማየት አቃተው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከአሮጊቷ ግቢ ሰዎች እያነከሱ ወጥተው ተቀበሏቸው። ነጋዴው ከበሩ ላይ ቆመ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያም ሆኖ ልቡ አመነታ። ከሰዎቹ አንዱ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ የቃሬዛውን ጫፍ ተቀበለው። ነጋዴው ሰውየውን አወቀው። ገበያ ላይ ደጋግሞ በጣቱ ያሳየው ሰው ነው።

«እኔም እንዲሁ በቃሬዛ ነው የመጣሁት» አለው ሰውየው። «ከኮረብታው መልሰውኝ። አይዞህ፣ ግባ።»

አሮጊቷ የልጅቷን እግር ከመንካቷ በፊት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስሟን ጠየቀቻት። የጣለችሽ በቅሎ የትኛዋ ናት አለቻት፤ ልጅቷም ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ዳማዋ ናት፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ነው አሮጊቷ እግሯን የዳሰሰችው።

«ትራመዳለች» አለችው ነጋዴውን። «አታነክስም ብዬ ግን አልምልልህም። ብዙ ቀን ይፈጃል፤ አንተም እዚሁ ትቀመጣለህ።»

ሁለት ወር ተቀመጠ። እግሯ በቀርከሃ ታሰረ፣ በቅቤ ታሸ፣ ተፈታ፣ ደግሞ ታሰረ። ጠዋት ጠዋት እነዚያ የሚያነክሱት ሰዎች እየተፈራረቁ ልጅቷን ደግፈው ያስቆሟታል፤ የት ላይ እንደሚያምም ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ከበሩ እስከ ወንዙ ድረስ ብቻዋን ሄደች። አነከሰች። ነጋዴው አለቀሰ። ዕድሜዬን ሁሉ አረማመድ ሳይ ኖሬ እንዲህ ያማረ አላየሁም አለ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከልጁ ጋር በዚያው ጥግ አጠገብ አለፈ። የቀድሞ ወዳጆቹ ተቀምጠው እግር ያያሉ፤ አንዱም ይቺ ደግሞ ከወንዟ ወጌሻ የመጣች ናት፣ ሌላ አንካሳ ጨምሩ ሲል ሰማው። ቆጠራውን ያስተማራቸው እሱ ነውና ሊቆጣቸው አልቻለም።

«ጨምሩ» አላቸው። «ኮረብታው ላይም አንድ የተመለሰ ብላችሁ ጨምሩ።» ከዚያም እርምጃውን ቀስ አድርጎ ከልጁ እኩል ሄደ።

መምህር ይገዙ እዚህ ላይ ወደ ሰብለወንጌል ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ ይኸው ነው» አሉ። «የኮረብታው ወጌሻ ክፉ አይደለም። ልጃችሁ ወለም ብቻ ያላት ከሆነች ውሰዷት፣ ደህና አድርጎ ያሻታል። የምትከራከሩባቸው ትምህርት ቤቶችም እንደዚያው ናቸው። ማንም አይወድቅብንም ሲሏችሁ፣ የሚወድቀውን ቀድመው ሸኝተውት እንደሆነ ጠይቁ። ፎቶው በር ላይ የተሰቀለውን ሁላችሁም ቆጥራችኋል፤ የተሸኘውን ማን ቆጠረው? ግማሹ ይወድቃል የምትሉት ትምህርት ቤት ምናልባት ከእናንተዎቹ በር የተመለሰውን ሁሉ የተቀበለ ይሆናል። ሰነፍ ትምህርት ቤትም አለ፣ ሁሉም ደግ ነው አልልም። ሄዳችሁ እዩ። ትምህርቱ ያልገባው ልጅ አጠገብ የሚቀመጥ አስተማሪ ካለ እሱን ነው ማየት።»

ባለ እንግሊዝኛው አባት፣ ታዲያ አንደኛው የትኛው ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ሳቁ።

ሰብለወንጌል ጎንበስ ብላ፣ «ታነክስ ይሆን ጋሼ?» አለቻቸው።

«ታነክስ ይሆናል» አሉ መምህሩ። «አንቺ እርምጃሽን ቀስ አድርጊላት።»

ሰብለወንጌል ቦርሳዋን ከፈተች። ደብዳቤውን አውጥታ ሰው ሁሉ በሚያየው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ኤልዳናን መልሰዋታል» አለች።

ቀጥሎ ገንዳውን ያነሣችው እናት ባሏን አየችው፤ እሱም አንገቱን ሲደፋ፣ የእኛንም ወንድ ልጅ አምና መልሰውታል አለች። ባለ ባነሩ አባትም፣ የእኅቴንም ልጅ መልሰውታል አለ።

መምህር ይገዙ መነጽራቸውን አወለቁ። «አያችሁ» አሉ፤ «ቆጠራው ገና አሁን ተጀመረ።»