የልዑል ኢንዮን ሜዳ

አንድ ቀን፣ እንግሊዝ አገር ንጉሥ አንድ ብቻ፣ በጎረቤቷ በዌልስ ግን በየሸለቆው ልዑል በነበረበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ኢንዮን የሚባል የዌልስ ልዑል ለፍርድ ተጠራ። ልዑል ተባለ እንጂ አገሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዶሮ ሲጮኽ የሚነቃ ነበር። አያቱ እንኳ ሰፊ ግዛት ነበራቸው። ምን ይሆናል፣ በዌልስ ሕግ ርስት ለወንዶች ልጆች ሁሉ እኩል ይከፈላልና፣ ሲቆራረስ ሲቆራረስ ለኢንዮን የደረሰው አንድ ጠባብ ሸለቆና ብዙ የተቀየሙ ወንድሞች ሆኑ።

በሸለቆው ውስጥ ደልዳላ ቦታ ቢፈለግ ያለው አንድ ሜዳ ነው። የአገሬው ከብት በረዷማውን ክረምት የሚሻገረው በዚያ ሜዳ ሣር ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ደግሞ ግንብ ሊሠሩበት ወደዱት።

ንጉሡ የላኩት ዳኛ ሰር ሮልፍ ፍትሕ ወዳድ ሰው ስለነበር፣ ባለጉዳዩን እንዳያጉላላ ፍርዱን አስቀድሞ ጨርሶ ነበር የመጣው።

«ስማ ኢንዮን፣ ንጉሣችን በገዛ ሕጋችሁ እንድትዳኙ ፈቅደዋል። ኋላ በሰው አገር ሕግ ተቀማን እንዳትሉ።»

«እግዜር ይስጥልን ጌታዬ። በገዛ ሕግ መቀማት ክብር አለው።»

«ባለፈው ወር ንጉሡ ፊት ተንበርክከህ፣ እጆችህን በእጆቻቸው መሀል አድርገህ ማልክ። እሳቸውም ስመውህ ‹ከዛሬ ጀምሮ አባትህ ነኝ› አሉህ። ብለዋል አላሉም?»

«ብለዋል። ጢማቸው ትንሽ ይኮሰኩሳል።»

«ታዲያ አባት ለቤት መሥሪያ ቦታ ቢጠይቅ ልጅ ይከለክላል?»

«ነውር ነው።»

«እንግዲያው ሜዳውን አስረክብ።»

ኢንዮን ዘወር ብሎ በሩ ላይ የቆሙትን ከብት አርቢዎች አየ። ማንም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ሜዳው ከሄደ ከብቶቹ ጸደይን እንደማያዩ እነሱም እሱም ያውቃሉ። ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገ።

«አስረክባለሁ ጌታዬ። ብቻ ወንድሞቼን ያውቋቸዋል፣ ነገር ፈላጊዎች ናቸው። ነገ እንዳይከሱኝ አንዳንድ ነገር ላጣራ። ንጉሡ አባቴ የሆኑት ለወጉ ያህል ነው ወይስ በሕግ?»

«በሕግ ነው እንጂ። ይህን የተጠራጠረ ከዳተኛ ነው።»

«ከጋብቻ ውጭ የመጣ ልጅ ነው ብለው ቢያሙኝስ?»

«በእናንተ ሕግ አባት በሰው ፊት ‹ልጄ ነው› ካለ ልጅ ነው፣ አለቀ።» ሰር ሮልፍ ጢሙን ዳሰሰ። «ሕጋችሁን ሳላነብ የመጣሁ መሰለህ?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ። ከእኔ ወዲህስ ሄዶ የተንበረከከ፣ ልጄ የተባለ ሌላ ልዑል አለ?»

«ማን ቀርቶ? የመጨረሻው አንተ ነህ።»

«ደግ። እንግዲህ በሕጋችን ርስቱ ለሁሉም እኩል ሲከፈል፣ አባት የሚኖርበት ቤት ግን ለታናሹ፣ ለመጨረሻው ልጅ ነው። ይህንንም አንብበውታል።»

ሰር ሮልፍ አንብቦታል።

«ስለዚህ ጌታዬ» አለ ኢንዮን አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ሜዳውን ውሰዱ፤ የሎንደኑ ቤተ መንግሥት የኔ ነው። አልቸኩልም፣ ለአባቴ ዕድሜ ይስጥልኝ። ብቻ እስከዚያው ወንድሜ አልጋ ወራሹ ጣራውን ያሳድስልኝ፤ እኛ ዘንድ የሚያፈስ ቤት መረከብ ደስ አይልም።»

ሰር ሮልፍ ልጅ ነው ብሎ ቢፈርድ የንጉሡ ቤት ሄደ፤ ልጅ አይደለም ቢል ከዳተኛው ራሱ ሆነ። ስለዚህ ያን ሣሩ በበጋው ፀሐይ የነደደ፣ አፈሩ የተሰነጣጠቀ ሜዳ «ረግረግ ስለሆነ ግንብ አይሸከምም» ብሎ ፈረደና ፈረሱን አስጭኖ ሄደ።