ከሁለት የተሠራ መኪና

በአንድ ወቅት፣ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በጭነት መውጣት ለመኪናም ለሾፌርም ጭንቅ በነበረበት ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ይኖሩ ነበር። ታላቁ ይማም ሾፌር ነው። ታናሹ ሸምሱ መካኒክ ነው። መካከለኛዋ ሩቅያ ደግሞ አረቡ የሚባል ሾፌር አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች።

ይማምና አረቡ የሚነዱት አንድ ዓይነት መኪና ነበር። ሁለቱም ባለ ቱርቦ የናፍጣ ፒክአፕ፣ ሁለቱም የአንድ ዓመት ሥሪት፤ የአንዱ ብሎን ለሌላው ይገጥማል። የይማም ነጭ፣ የአረቡ አረንጓዴ ከመሆኑ በቀር መኪኖቹን የሚለያቸው የሾፌሮቹ ጠባይ ብቻ ነበር።

ሸምሱ ሁለቱንም አንድ ቀን አስቀምጦ መክሯቸዋል። «ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ዳገት ሲወጣ ይግላል። እንደቆማችሁ ሞተሩን ካጠፋችሁት፣ ዘይቱ ወደ ቱርቦው በሚሄድባት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይቃጠልና እንደ ጥቀርሻ ይጋገራል። ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ፤ ከዚያ አጥፉት።»

አረቡ ምክሩን እንደ ሃይማኖት ያዘው። ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እንኳ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቀመጣል። ሩቅያ ጓዳ ሆና ያንን ድምፅ ስትሰማ ምግብ ማቅረብ ትጀምራለች። ትንሿ ልጃቸው ነኢማ «አባዬ መጣ!» እያለች ትሮጥና አባቷ ጭን ላይ ወጥታ፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ መሪውን ታዞራለች። ሁለት ደቂቃ ለነኢማ ረጅም ጉዞ ነበር።

ይማም ግን ችኩል ነው። ደሴ እንደገባ ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል። ሸምሱ ሲቆጣው፣ «አንተ ደግሞ! መኪና ነው ወይስ አራስ?» ይለዋል።

አንድ ቀን ሐረጎ መሃል ላይ የይማም ሞተር ጮኸ፣ ጭስ ተፋ፣ ከዚያም ዝም አለ። ተጠርቶ የመጣው ሸምሱ ኮፈኑን ከፍቶ ቀጭኗን ቱቦ ፈታና ወደ ፀሐይ አንስቶ በውስጧ አየ። ብርሃን አያሳልፍም። ቱርቦው ዘይት አጥቶ ተሰባብሯል፤ ስብርባሪው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ፒስተኖቹን በልቷቸዋል።

«ይሄ አይጠገንም ጋሼ» አለ ሸምሱ። «ሌላ ሞተር ፈልግ።»

ይማም ፈለገ፣ አላገኘም። መኪናውን አስጎትቶ እናታቸው ግቢ አቆመው። ሰባት ወር እዚያው ቆመ። ዶሮዎች ገብተው ወንበሩ ላይ እንቁላል ጣሉበት።

በሰባተኛው ወር አረቡ ሞተ። መንገድ ዳር አቁሞ ሳለ ፍሬን እምቢ ያለው ከባድ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው። ጭነት መያዣውና ጋቢናው ተጨራምተው አንድ ሆኑ። ሞተሩን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤቱ በሰው እንደተሞላ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሩቅያ አጠገብ ቁጭ አሉ። ይማም መሬት መሬቱን እያየ፣ «እህቴ፣ የአረቡ መኪና እዚያ ሜዳ ላይ እንደቆመ ነው። ሌባ ይፈታታዋል። ሞተሩ እንኳ...» አለና የቀረውን ዋጠው።

«ውሰዱት» አለች ሩቅያ። «ከፊቴ አርቁልኝ። ዓይኔ አይየው።»

ይማም «ስጦታ ነው ወይስ ውሰት?» ብሎ አልጠየቀም። ምን አፍ አለውና! ሩቅያም ከተገጠመ በኋላ መኪናው የማን እንደሚሆን አልተናገረች። ሸምሱም የድካሜ ዋጋ ምንድን ነው አላለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ከእህትና ከወንድም ጋር ውል መዋዋል ነውር ነው፤ ሦስቱንም ይሉኝታ ያዛቸው። በር ላይ የተቀመጡት የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አወል «አላህ አያለያያችሁ» ብለው ዱዓ አደረጉ። ሁሉም አሚን አለ። ሌላ ቃል አልተነገረም።

ሸምሱ እናታቸው ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ሞተሩን ከአረንጓዴው መኪና አውጥቶ፣ በነጩ መኪና ላይ የቀሩትን ቱቦዎች በሙሉ ፈታትቶ በናፍጣ አጠበ። የብረት ፍርፋሪ አንድ እንኳ ውስጥ ከቀረ የገባውንም ሞተር ይበላዋል። ያቺን ቀጭን የዘይት ቱቦ ጥሎ፣ በገዛ ደመወዙ አዲስ ገዝቶ ገጠመ። ይማም በየቀኑ ይመጣል። «አለቀ? ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ልጆቹ ደብተር ይላሉ» ይላል። ሞተር ማንሻ ሰንሰለት ያለው ጋራዥ «እስከ ሐሙስ ጠብቅ» ባለ ጊዜ ግን ራሱ ይማም፣ «ጠብቅ እንጂ፣ ሐሙስ ሩቅ ነው?» ብሎት ነበር። ሸምሱ አልጠበቀም። ሞተሩን በገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ቀስ እያለ ሲያወርደው ገመዱ ተንሸራተተ። ሞተሩ ልክ ቦታው ገባ። የሸምሱ ቀኝ እጅ ከሥሩ ነበር።

ሐኪም ሦስት ጣቶቹን ቆረጠ። የቀረውን ሥራ ሸምሱ ብሎን በጥርሱ እየያዘ፣ በግራ እጁ በአንድ ወር ጨረሰው። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ሸምሱ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ግን «እጅህ እስኪድን እረፍ» ብሎ በጨዋ ቃል አሰናበተው። እጁ እንደማይድን እነሱም እሱም ያውቃሉ።

ይማም በበኩሉ የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር፣ ሊብሬውን፣ አስተካከለ። ወደ ቢሮ ሄዶ የድሮውን ሞተር ቁጥር አሰርዞ የአረቡን ሞተር ቁጥር አስጻፈ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ወረቀት ሩቅያ ኢዳ፣ የባሏን የሐዘን ጊዜ፣ ተቀምጣ ሳለች ፈርማለታለች፤ ሳታነብ ነው የፈረመችው። ሊብሬው ላይ የባለቤት ስም አንድ ሆነ፤ ይማም። አልደበቀም። «የሚጻፈው አንድ ስም ነው አሉኝ። ሻንሲው የማን ነው ሲሉኝ የኔ አልኩ። ልዋሽ?» አለ።

ከዚያ ይማም ሥራ ገባ። ሲቀናው ለሩቅያ ዱቄትና ዘይት ያደርሳል፤ ለሸምሱም ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ይከትለታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሩቅያ ግን ዱቄቱን ተቀብላ «አላህ ይስጥህ» ባለች ቁጥር ቃሉ ይመራታል። በባሏ ሞተር የመጣ ዱቄት ነው፤ የምትቀበለው እንደ ምጽዋት ነው። ይህን ለማን ትናገረው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሩቅያ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ይማም ዱቄት ጭኖ መጣና በሯ ላይ ቆመ። ይማም የድሮው ይማም አይደለም፤ ሞተር መቅበርን አይቷል። ስለዚህ ሞተሩን አላጠፋም። ሁለት ደቂቃ ሊያስተነፍሰው ተቀመጠ።

ሩቅያ ድምፁን ሰማች። እጇ አረፋው ውስጥ ቀረ። አውቃ ሳይሆን ሰውነቷ ብድግ አለ፤ ምግብ ሊያቀርብ። ነኢማ ደግሞ ከቤት ወጥታ «አባዬ መጣ!» እያለች በአጠገቧ አለፈች። በሩን ከፍታ ጋቢናው ላይ ወጣች። አጎቷን አየች። አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ወርዳ እናቷ ዘንድ ተመለሰችና ጠየቀች፤

«እማዬ፣ አባዬን የት አደረገው?»

ሩቅያ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ወጣች። በመስኮቱ እጇን አስገብታ ሞተሩን አጠፋችና ቁልፉን ነቀለችው።

«ሩቅያ! ምን ነካሽ?»

«ሞተሩን መልስልኝ።»

«ውሰዱት ያልሽ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ከፊቴ አርቁልኝ ነው ያልኩት ጋሼ። አንተ አምጥተህ በራፌ ላይ አቆምከው።»

ይማም ዱቄቱን አውርዶ፣ ሰው ለምኖ መኪናውን እስከ እናታቸው ግቢ አስገፋ። በማግስቱ ቁልፍ ሠሪ ይዞ ሲመጣ ሸምሱ ኮፈኑ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ደረት ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ቀጭኗ የዘይት ቱቦ ናት።

«ቁልፍ ለማስቀረጽ አትድከም» አለ ሸምሱ። «ያለዚች ብታስነሳው ገና ሐረጎን ሳትጀምር ትቀብረዋለህ።»

«አንተም?» አለ ይማም።

«እኔም። ሞተሩ የማን፣ አካሉ የማን እያላችሁ ስትጣሉ ሰማሁ። ሸምሱስ ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።»

እናም ሼህ አወል ሦስቱን ሰብስበው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ይማም ሊብሬውን፣ ሩቅያ ቁልፉን፣ ሸምሱ ቱቦዋን ምንጣፉ ላይ አኖሩ።

«መኪናው የኔ ነው» አለ ይማም። «ሞተር አጣሁ እንጂ መኪና አላጣሁም። እህቴ በአፏ ሰጠችኝ፣ በእጇ ፈረመችልኝ። ሌላ ሥራ አላውቅም፤ አራት ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«ምን መኪና ነበረህ?» አለ ሸምሱ። «ሰባት ወር ዶሮዎች ናቸው የነዱት።»

ሩቅያ አልሳቀችም። «እኔ ልጆች የሉኝም ወይ?» አለች። «አረቡ ያንን ሞተር ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ እያለ ያቆየው ለኔና ለልጆቹ ነው። የተናገርኩትን አልክድም። ግን ባሏን ከቀበረች ሦስት ቀን ከሆናት ሴት አፍ የወጣ ቃል ሽያጭ ነው? መኪናውን ስጡኝ፤ ሾፌር ቀጥሬ ሩቅ አገር ይሥራልኝ። ልጆቼን ላሳድግበት። ድምፁንም አልስማው።»

«እኔ ደግሞ» አለ ሸምሱ፣ «አንዳችሁ የሞተ መኪና፣ ሌላችሁ የተጨፈለቀ መኪና ሰጣችሁኝ። የሚሄድ መኪና ሰጠኋችሁ። ከእንግዲህ መካኒክ አይደለሁም። ያለኝ ነገር ይሄ የመጨረሻው ሥራዬ ብቻ ነው።»

«ሐሙስን ብትጠብቅ ጣትህ አይሄድም ነበር» አለ ይማም።

«ደብተር፣ ደብተር ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ጠብቅም ብዬሃለሁ!»

ሼህ አወል እጃቸውን አነሱ። እንዲህም አሉ፤ «እንግዲያው ይፈታ። ይማም አካልህን ውሰድ። ሩቅያ ሞተርሽን ውሰጂ። ሁሉም ባመጣው ይሰናበት።»

ይማም ባዶውን መኪና በዓይነ ኅሊናው አየና አቀረቀረ። ሩቅያ ግቢዋ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚዝግ፣ የማይጮህ ብረት ታያት። ድምፁን መስማት አልፈለገችም ነበር። ከእንግዲህ በዓለም ላይ የትም እንደማይሰማ ስታስብ ግን ያም አላስቻላት።

ሼህ አወል ወደ ታናሹ ዞሩ። «አንተስ ሸምሱ? ምን ትወስዳለህ?»

ሸምሱ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ፣ ከሊብሬው አጠገብ አኖረው።

«የኔን ከየትኛው በኩል ትፈቱታላችሁ?» አለ።

ሼህ አወል ለሳምንት ቀጠሩ፤ ሳምንቱም ያለ ፍርድ አለፈ፤ ከዚያም ሌሎች ሳምንታት። ሦስቱ እናታቸውን ሊጠይቁ የሚመጡት በየተራ ሆነ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ሁሉም ፊታቸውን ያዞራሉ።

እንግዲህ ምንጣፉ ላይ እናንተ ተቀመጡ። የነበረውን መኪና በችኮላው ገድሎ አካሉን ላመጣው ለይማም ነው? በሐዘን አፍ ሰጥታ፣ ሐዘኗ በሯ ድረስ ሲመጣባት መልሱልኝ ላለችው ለሩቅያ ነው? ወይስ ማንም ሳያስገድደው ጣቶቹን ለከፈለበት ለሸምሱ? መኪናው የሚገባው ለማን ነው?