ባዶ ሆድ ያባረራቸው ሽማግሌዎች

ወገኖቼ፣ ጸጥ በሉልኝ። ይህ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነውና በጥሞና ስሙ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በወርኃ ጥቅምት መባቻ፣ ከአንድ ሰው የእራት ትሪ ላይ ሁለተኛው እንጀራ ተነሣ።

ደወል አልተደወለም። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ አላለም። ግን ተነሣ።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጋሽ ወንድይፍራው ይባላሉ። ሐኪሙ ደማቸውን መርምሮ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ይቀንሱ» አላቸው። የሐኪሙን ቃል ያስፈጸመችው ግን ነርሷ ልጃቸው ምንትዋብ ናት። እራት ሰላጣ ሆነ። ምሳ ግማሽ ሆነ። በወሩ አራት ኪሎ ወረደላቸው። ሳቃቸውም አብሮ ወረደ።

በዚያው ሰሞን ምንትዋብን ለቸርነት ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ቸርነት የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው፤ ምንትዋብ ራሷ የመረጠችው ልጅ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ እስከ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በመጀመሪያው «ዘመድ ላማክር» ይባላል፤ እንደዚያው ተባለ። በሦስተኛው እምቢ ከተባለ ግን አለቀ፤ የልጅቱ ተስፋ እዚያው በር ላይ ይቀራል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ። ምሳ ቀርቦ ነበር።

«ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ!» አሉ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አስካለ።

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ጥላዬ፣ በከዘራቸው ተደግፈው።

ይህ የስንቱን አባት ልብ ያራራ ወግ ነው! ግን ወገኖቼ፣ እንጀራ በተቀነሰበት ሰው ላይ ተሞክሮ ያውቃል? እንግዳ ቆሞ ባለቤት ይበላል? አይበላም! የጋሽ ወንድይፍራው ዓይን ከትሪው አልተነቀለም። ያቺ ግማሽ እንጀራ ናት፤ ከማለዳ ጀምሮ እሷን ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ጋሽ ጥላዬ ደግሞ የልጁን ዘር ከሰባት ቤት ጀምረው ይቆጥራሉ። አራተኛው አያት ላይ ሲደርሱ የጋሽ ወንድይፍራው ሆድ ጮኸ። አምስተኛው ላይ ራሳቸው ጮኹ።

«አልሰጥም!»

«ምነው ጌታዬ? ምን ጉድለት አገኙበት?»

«ሲሄድ ክንዱን ያወዛውዛል!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሠላሳ ዓመት ሲሸመግሉ እንዲህ ያለ ጉድለት ሰምተው አያውቁም። ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ጋሽ ወንድይፍራው የቀዘቀዘችውን ምሳቸውን በሉ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አንድ ሐሳብ መጣባቸው፦ ክንዱን ሳያወዛውዝ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? ግን ቃል ከአፍ ወጥቷል፤ መምህር ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ወይዘሮ አስካለ ትሪውን እያነሡ፣ «የጠላኸው ልጁን አይደለም፤ ሰላጣውን ነው።»

ምንትዋብ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል። በለመደው የምግብ ሰዓት ወደ አንጎል ይሄድና ‹አምጡ!› ይላል። ካልሰጠኸው ይነዘንዝሃል፣ ያነጫንጭሃል።»

«እና ሽማግሌ ነው በይኛ!»

«አዎ፣ ሽማግሌ ነው። እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ከስብህ ደግሞ ሌፕቲን የሚባል ‹በቃ› ባይ ይላካል። ስትከሳ የእሱ ድምፅ ይለሰልሳል፣ የ‹አምጡ› ባዩ ይበረታል። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ በአንዴ አብዝቼ ቀነስኩብህ። ለቸርነት እሺ በል አልልህም። ግን በልተህ እምቢ በለኝ።»

የመጨረሻው ቀጠሮ እሑድ ሰባት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የባቄላ ንፍሮ፣ ሁለት እንቁላል፣ ጎመንና ያቺን ግማሽ እንጀራ አቀረበችላቸው። እያጉረመረሙ ጀመሩ፤ እያመሰገኑ ጨረሱ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ወንድይፍራው ያን የባለፈውን ቁጣ ከነበረበት ቢፈልጉት አጡት። ይልቅ ያ ልጅ በክረምቱ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ እስከ ቤት እንዳደረሳቸው ትዝ አላቸው። ለነገሩ ያን ቀን ክንዱን አላወዛወዘም፤ ጃንጥላ ይዞ ነበር።

«እሺ ሳንባል እህል ውሃ...» ብለው ጋሽ ጥላዬ ጀመሩ።

«ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

«ገና ምኑን ተናገርኩና!» አሉ ጋሽ ጥላዬ ቅር ብሏቸው። ለዚያ ቀን ሰባት ተረት አዘጋጅተው ነበር።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ባለፈው ሳምንት ልጃችሁን «አንተ ሰው አትሆንም!» ያላችሁት በስንት ሰዓት ነበር? ከምሳ በፊት ወይስ በኋላ? ከባልሽ ጋር የተኳረፍሽው በበላሽ ቀን ነው ወይስ ቁርስ ሳትቀምሺ፣ እንቅልፍም ሳይወስድሽ ባነጋሽ ቀን? በስንቱ ሰው ክንድ ላይ ነው በረሃባችን የፈረድነው?

ደግሞ ወፍራሙን ጎረቤታችሁን «ሆዳም» ትሉታላችሁ። በውስጡ «አምጡ!» እያለ የሚጮኸውን ሰምታችሁለታል? ለእናንተ ቶሎ «በቃ» የሚላችሁ ለእሱ በሹክሹክታ የሚናገር እንደሆነስ? ቀጭኑም አይኩራ! ቅጥነት ሁሉ ጽድቅ አይደለም፤ አንዳንዱ ‹በቃ› የሚል ጥሩ መልእክተኛ ስላለው ነው።

ረሃብ ኃጢአትን ያጸድቃል አላልኩም። ምላሱ የእናንተ ነው። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት በአፋችሁ የሚናገረው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እናንተ ናችሁ ወይስ ጨጓራችሁ? ካላወቃችሁ ነገሩን አቆዩት። እህል ቅመሱ፣ ተኙ። በማግስቱም እምቢ የሚያሰኝ ከሆነ፣ ያኔ እምቢ በሉ።

ሰዓታችሁን ማየት ጀምራችኋል። የትኛው መልእክተኛ እንደመጣባችሁ ገብቶኛል። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ ምሳችሁ ትሄዳላችሁ።

ያን እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲበሉ ጋሽ ጥላዬ ጉርሻቸውን ዋጡና ወደ ባለቤቱ ዞሩ።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ እንግዲህ ዘመድ ሆነናል። ያ የክንዱ ነገር እስቲ ምን ነበር?»

ምንትዋብ አባቷን አየች። ወይዘሮ አስካለ ትሪው ላይ ያለውን ሰላጣ አዩ።

«አልናገርም» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ብሉ።»