አባ ዝለልና ሦስተኛው ቀጠሮ

በሰኞ ገበያ ከተማ አንድ ሰው ደረቱን ነፍቶ "ይህን ሁሉ እኔ ነኝ የሠራሁት" ሲል ከተሰማ፣ ከጎኑ ያለው ጉሮሮውን ጠርጎ አንዲት አጭር ተረት ጣል ያደርግበታል። ባለጉራው ደረቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ የቀረው ሰው ይስቃል። ተረቷን የማይላት የለም፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱማ ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። የለም! ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ የተፀነሰችውም ጎርፎ ወንዝ መሀል፣ ውሃ ውስጥ ነው። የተተረተበትን ሰውዬ በቅርብ አውቀዋለሁ። እንዴት እንደማውቀው ግን አትጠይቁኝ።

ሰውዬው አንዳርጌ ይባላል። በርበሬ ነጋዴ ነው። አንድ ኩንታል ሸጦ ዐሥር የሚል፣ ጉንፋን ይዞት ሲነሳ "ሐኪሞቹ ከበውኝ አለቀሱ" ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። የበኩር ልጁን ይበልጣል ብሎ ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ከማን እንደሚበልጥ አልተናገረም፤ ከሁሉም ነዋ! አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። እንደ መኳንንት ፈረስ የማዕረግ ስም አውጥቶላት "አባ ዝለል" ይላታል። ከዚያ ወዲህ እሷ መባሏ ቀርቶ እሱ ተባለ። አባ ዝለል ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእንቁራሪት ያህል እንኳ ዘሎ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ይበልጣል ውድነሽን የወደደ ጊዜ ነው። ውድነሽ ከጎርፎ ማዶ የሚኖሩት የአቶ ጫኔ ልጅ ናት። አቶ ጫኔ ቃላቸው እንደ ወርቅ በሚዛን የሚወጣ ንብ አናቢ ናቸው። ሽማግሌ ቢላክባቸው "ልማከር" አሉ። ሁለተኛ ቢላክ አሁንም "ልማከር" አሉ። ሽማግሌዎቹን ሲሸኙ ግን የሆዳቸውን አወጡት።

"ልጁን አልጠላሁትም፤ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው። የፈራሁት ቤቱን ነው። ጉራ እንደ ጉንፋን ይጋባል። ነገ የልጅ ልጆቼ መጥተው 'አያታችን ዝሆን በቅል ውስጥ አሳደረ' ሊሉኝ ነው። ለመሆኑ አንዳርጌ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን 'አላውቅም' ብሎ ያውቃል? ያን ቃል ከገዛ አፉ የሰማሁ ዕለት ልጄን እሰጣለሁ። በሉ ሦስተኛው ቀጠሮ የዛሬ ሳምንት እሑድ ነው፤ ከዚያ በኋላ አትድከሙ።"

መልእክቱ ሲደርሰው አንዳርጌ ከልቡ አዘነ።

"የማላውቀው ነገር ሳይኖር እንዴት ብዬ ልዋሽ?" አላት ሚስቱን ወይዘሮ ትሁኔን። "ለልጄ ስል ብዙ አደርጋለሁ፤ ሐሰት ግን አልናገርም።"

"አንተ ሰው! ልጁ ደህና አድርጎ እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው። ምናለ በዚህ በዚህ እንኳ አፍህን ብትይዝ?"

አንዳርጌ አፉን ከመያዝ የሚሻል ዘዴ አገኘ። "የናቁን ሽማግሌው በእግሩ፣ አቧራ ለብሶ ስለሄደ ነው። በአባ ዝለል ደጃቸው ድረስ ሳወርዳቸው እንተያያለን!" አለ።

መንገዱ ላይ ጎርፎ አለ። ጎርፎ በበጋ ከጉልበት አያልፍም፤ መሻገሪያው መሀል ግን የተኛ ጎሽ የሚያህል ድንጋይ ተጋድሟል። አምና አባ ዝለል ሆዱ ድንጋዩ ላይ ተሰቅሎ፣ አራት እግሩን አንጠልጥሎ ውሎ ነበር። አንዳርጌ ሲያወራው "ጎማ እያቀዘቀዝኩ ነው" ብሎ ነበር እንጂ፣ ያወጡት ስድስት ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ አባ ዝለል ሽማግሌ ይዞ ጎርፎን እንዲሻገር ከፍ ማለት ነበረበት።

መኪና ከፍ የሚያደርግ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መካኒክ ገላው። ሠላሳ ዓመት መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ፣ ከሰማይ ይልቅ የመኪና ሆድ ያየ ሰው ነው። ከሦስቱ ሽማግሌዎችም አንዱ እሱ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አንዳርጌ ጋራዡ ሲደርስ፣ ገላው ከአንድ እህል ነጋዴ መኪና ሥር ጭንቅላቱን ብቻ አወጣ።

"ዛሬ ማታ አምጣውና ሦስት ቀን ስጠኝ፤ እሑድ በማለዳ ትወስደዋለህ። የኋላው ባሌስትራ ነው፤ ሁለት ሁለት ብረት እጨምርበታለሁ። የፊቱ ግን ሌላ ነው፤ የራሱ ሥራ አለው።"

"ሦስት ቀን? እኔ በሦስት ቀን ወፍጮ ቤት ተክያለሁ! ያውም ብሎኑን በማንኪያ እያጠበቅሁ!"

"ታዲያ ማንኪያው ካለህ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?" አለና ገላው ጭንቅላቱን መልሶ አስገባ።

አንዳርጌ ግን አልሄደም። ገላው የነጋዴውን መኪና ከፍ ሊያደርግ ነበርና፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ተከለ። ክሪክ ሲገባ አየ። ጎማ ሲወልቅ አየ። ባሌስትራ የሚሏቸው፣ እንደ ቀስት የጎበጡት ረጃጅም ብረቶች አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደሩ፣ በብሎን ተጠፍረው ሲታሰሩ አየ። እኩለ ቀን ላይ የመኪናው ኋላ ተነስቶ ቆመ።

'ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት መሬት ላይ የተኛው?' አለ አንዳርጌ በሆዱ።

ገላው ምሳውን በልቶ ወደ መኪናው ፊት ሲዞር ጎማው ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አንዳርጌ ጠጅ ቤት ገብቶ መኪና እንዴት ከፍ እንደሚደረግ እያስተማረ ነበር።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ማመንታት ጀመረ። አባ ዝለልን ዛሬውኑ ለገላው ቢሰጠው እሑድ ይደርሳል። ራሱ ቢሠራውስ? ራሱ ቢሠራውማ ታሪክ ነው! ግን ባይሆንለትስ? አንዴ ወደ መኪናው፣ አንዴ ወደ ጋራዡ መንገድ እያየ ግቢውን ሲለካ፣ ወይዘሮ ትሁኔ ጓሮ ሆና ታየዋለች።

"ለገላው ስጠው" አለችው።

"እንዴት እሰጠዋለሁ? ራሴ ነኝ የምሠራው ብዬ ለዐርባ ሰው ነግሬያለሁ።"

"ስንት ነበሩ?"

"ሃያ።"

"አንዳርጌ!"

"...ስምንት።"

"ለስምንት ጠጪ ብለህ ልጅህን ሚስት ልታሳጣው ነው?"

አንዳርጌ ቆመ። 'እውነትሽን ነው፤ አልችልበትም' የሚለው ቃል ከሆዱ ተነስቶ ከንፈሩ ድረስ መጣ። ቃሉ ግን በዚያ በር ወጥቶ ስለማያውቅ መዝጊያውን እንዴት እንደሚከፍት ጠፋውና ተመልሶ ወረደ።

ዓርብ ዕለት አባ ዝለል በክሪክ ተነሳ። ገላው ሁለት ሁለት ብረት ካለ የአንዳርጌ ስንት ይሆናል? አራት አራት ነዋ! ሲመታ፣ ሲያስር፣ ጣቱን ሲቀጠቅጥና ሲራገም ውሎ ኋላውን ጨረሰ። ቅዳሜ ፊቱን ሊሠራ ሥር ገብቶ ቢተኛ፣ አንድም ባሌስትራ የለም። የተጠቀለለ ሞላ ብቻ ነው ያለው፤ ያውም የት እንደሚፈታ፣ በየት እንደሚወጣ አይታወቅም። አንዳርጌ በጀርባው ተኝቶ ብዙ አሰበ። ጋራዡ መቶ እርምጃ አይርቅም። ሄዶ 'ገላው፣ ይህስ እንዴት ነው?' ማለት ይቻላል። ሲነሳ ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ አንበሳ ሊዘል ሲል ደረቱን ዝቅ፣ ኋላውን ከፍ ያደርግ የለም እንዴ? እንዲያ ከሆነ ሥራው አልቋል።

እሑድ ጠዋት አባ ዝለል ደጅ ወጣ። ኋላው ሰማይ፣ አፍንጫው መሬት ሆኗል። ወይዘሮ ትሁኔ ዞር ዞር ብላ አየችውና "ምን ጠፍቶት ነው የሚፈልገው?" አለች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ታላቁ አባባ ቸኮል ናቸው፤ ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ በሰማንያ አራት ዓመታቸው አንድም ጊዜ ቸኩለው አያውቁም። ከእሳቸው ጋር ቄስ መልካሙና ገላው ነበሩ። ገላው መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ጎንበስ ብሎም ሥሩን አየ።

"አንዳርጌ፣ ፊቱስ?"

"አንበሳ ሊዘል ሲል አይተህ አታውቅም?"

"ከኋላ ስንት ጨመርክ?"

"አራት አራት።"

"በማንኪያ?" አለ ገላው። እዚያው ፈትቶ እንዳይሠራው ቀጠሮው ደርሷል፤ በእግር እንዳይሄዱ በአባባ ቸኮል እርምጃ ሰዓቱ ያልፋል። ከቄሱ ጋር ከኋላ ተሳፈረ።

አባባ ቸኮል ጋቢና ገቡ። መኪናው ሲነሳ ከመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ጉልበታቸው ከፊት ካለው ብረት ጋር ተጋጠመ። ቢመለሱ ተንሸራተቱ፤ ቢደገፉ ተንሸራተቱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለት እጃቸውን አስደግፈው ታገሱና ጠየቁ።

"ልጄ፣ ይህ ቁልቁለት መቼ ነው የሚያልቀው?"

"አባባ፣ ገና ሜዳው ላይ እኮ ነን።"

"አይ እንግዲህ! ቁልቁለቱ ሲመጣ ንገረኝ፤ ንስሐ ልግባ።"

ቁልቁለቱ መጣ። ጎርፎ ታየ፤ ማዶ ላይ አቶ ጫኔ ነጭ ለብሰው፣ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳርጌ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ነፋ። ያን የተኛ ጎሽ የሚያህል ድንጋይ ዐይን ዐይኑን እያየ 'ዛሬ እንተያያለን' አለው። አልተያዩም። አባ ዝለል ድንጋዩ ጋ እንኳ አልደረሰም፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲያበቃ አፍንጫውን ጠጠሩ ውስጥ ተከለና ቀጥ አለ። ውሃው ኮፈኑ ላይ ወጣ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አነጠሰና ዝም አለ። ኋላው ሰማይ ላይ ተሰቀለ፤ ቄስ መልካሙና ገላው ተንከባለው ከጋቢናው ጀርባ ጋር ተላተሙ። የቄሱ ጥላ ማንንም ሳትሰናበት ወንዙን ተከትላ ሄደች።

ተደጋግፈው ወረዱ። አባባ ቸኮል ጫማቸውን በአንድ እጅ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ በሌላው ይዘው ውሃው መሀል ቆሙ። አቶ ጫኔ እስከ ወንዙ ዳር እየሮጡ መጡ።

"ምነው? ምን ሆናችሁ? ተጎዳችሁ እንዴ?"

"ምንም አልሆንንም አቶ ጫኔ!" አለ አንዳርጌ እስከ ደረቱ ርሶ። "የታሰበበት ነው! ፈረስም እኮ ወንዝ ሲደርስ ውሃ..."

"ፊቱን ለምን አላነሳኸውም?" አሉ አቶ ጫኔ።

አንዳርጌ አንበሳውን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ አባባ ቸኮልን አየ። እንደ ሸምበቆ የቀጠነ እግራቸው ውሃው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሰማንያ አራት ዓመት የኖሩት እዚህ ወንዝ መሀል በእሱ አንበሳ ምክንያት ሊቆሙ አልነበረም። ቤት የቀረው፣ እህል ያልቀመሰው ልጁ ታወሰው። አንበሳው እንደ ቄሱ ጥላ ትቶት ሄደ።

"አላ..." አለና ሳለ። "አላውቅም።"

"ምን አልክ?"

"አላውቅም! ገላው የኋላውን ሲሠራ አየሁ። የፊቱን ሳላይ ላወራ ሄድኩ። የፊቱ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም።"



"እስቲ ድገመው" አለ ገላው፤ "ጆሮዬ ውሃ ገብቶበታል።"

"አላውቅም አልኩህ እኮ!" ብሎ ጮኸ አንዳርጌ፤ የማዶው ገደልም "አላውቅም" ብሎ መለሰለት።

አቶ ጫኔ ገደሉን አዩ፤ አንዳርጌን አዩ። 

"በሉ ውጡ፤ ሽማግሌ ውሃ ውስጥ አይቆምም" አሉ።

አባባ ቸኮል ንቅንቅ አላሉም። "ሽማግሌ 'እሺ' ሳይባል አያርፍም። እዚሁ ነን።"

"እዚህ ውሃ ውስጥ?"

"ደርቀን ብንለምንህ ሁለት ጊዜ መለስከን፤ እስቲ ረጥበን እንሞክርህ።"

አቶ ጫኔ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሆነ፤ አመለጣቸውም። "እሺ፣ እሺ ብያለሁ! ሰምቻለሁ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ውጡልኝ!"

ሁለት በሬ ተጠምዶ አባ ዝለል በገመድ ወጣ፤ ከአቶ ጫኔ ደጅ ፊት ለፊት ቆመ። ሽማግሌዎቹ እሳት ዳር ተቀምጠው ልብሳቸው ሲደርቅ፣ የንብ አናቢ ቤት ነውና ጠጅ ቀረበ። አንዳርጌ የተዋሰውን ጋቢ ተከናንቦ እንደ ሙሽራ አቀርቅሮ አንዱን ብርሌ ዝም ብሎ ጨረሰ። በሁለተኛው ቀና አለ። በሦስተኛው ወደ ቄስ መልካሙ ጠጋ ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ።

"ለነገሩ፣ ቄስ፣ ሆን ብዬ ነው እኮ ፊቱን ያላነሳሁት። ሽማግሌ የያዘ መኪና የሙሽሪት ቤት ደጅ ሲደርስ እጅ መንሳት አለበት ብዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስቤበት..."

"ምን አልክ አንዳርጌ?" አሉ አቶ ጫኔ ከወዲያ ጥግ።

አንዳርጌ ብርሌውን ቶሎ አስቀመጠ።

"አላውቅም!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባባ ቸኮል ብቻ አልሳቁም፤ በተከፈተው በር አሻግረው አፍንጫውን መሬት አስነክቶ፣ ኋላውን ሰቅሎ የቆመውን አባ ዝለልን ሳይቸኩሉ አዩትና እንዲህ አሉ፦ "ጌታው አልጎነብስ ቢል፣ መኪናው ጎነበሰለት።"