ደወሉን ያጠፋው ዘበኛ

አንድ ሰው ነበር። ገና ልጅ ሳለ ከአጥር ማዶ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማ። እነማን እንደነበሩ ዛሬ በትክክል አያስታውስም። አንደኛው የአጎቱ ድምፅ ይመስለዋል፤ ሌላው ምናልባት ጎረቤት። ከምን ተነሥተው ምን ላይ እንደደረሱም ጠፍቶበታል። በጆሮው የቀረችው ይህች ቁራጭ ብቻ ናት፦ "ትልቅ ሰው መንገድ ሲወጣ ወዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም። ተነሥተህ ታሳልፈዋለህ እንጂ።"

ከዚያ በፊት ምን ተባለ? ከዚያ በኋላስ? አያውቅም። ግን ያቺን በግማሽ የሰማትን ነገር ይዞ አርባ ዓመት ኖረ።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን በግማሽ በሰማነው ነገር ሙሉ ዕድሜ የምንኖር?

ይህ ሰው አድጎ ዘበኛ ሆነ። ስሙ ላቀው ነው። በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ዋና በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ትልቁም ትንሹም "ጋሽ ላቀው" ይለዋል። አስታማሚ እጇ ሞልቶ ስትመጣ ምሳ ዕቃዋን ይቀበላታል። ነፍሰ ጡር ስትመጣ ወንበሩን ይለቅላታል። ሬሳ ሲወጣ እስኪርቅ ድረስ ቆሞ ይሸኛል። በዚያ በር ካለፈው ሰው መካከል ከላቀው አፍ ክፉ ቃል ሰማሁ የሚል አይገኝም።

ታዲያ ሆስፒታሉ አዲስ የጥበቃ ሥርዓት አስገባ። ቀድሞ ካሜራው ለብቻው ነበር፤ የእሳት ደወሉ ለብቻው፤ የመድኃኒት መጋዘኑ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ፣ የሕፃናቱ ክፍል ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ። አንዱ ያወቀውን ሌላው አያውቅም። እሳት ቢነሣ ደወሉ ይጮሃል፤ በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። አሁን ሁሉም ተያያዘ፤ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ስክሪን ላይ ይታያል። ማስታወስ ላቃታቸው ሕመምተኞች ደግሞ ሰዓት የመሰለ አምባር በእጃቸው ይታሰርላቸዋል። አምባሩ ወደ ዋናው በር ሲጠጋ ደወል ይጮሃል፤ በሩ ራሱን ይቆልፋል፤ ካሜራው ሰውየውን ለስክሪኑ ያሳያል፤ ስክሪኑን የምትጠብቀው ልጅ ወደ ዘበኞቹ ትደውላለች።

ሥርዓቱን የዘረጋው ኢንጂነር ዘበኞቹን ሰብስቦ ሁለት ቀን አስተማራቸው። ከእንግዲህ ዕቃዎቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ አላቸው። አንዱ ዘበኛ፣ እነሱ ከተነጋገሩ እኛ ምን ልናወራ ነው፣ እንግዲህ ዳማ እንጫወታ ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ኢንጂነሩም አብሮ ስቆ፣ የእናንተ ሥራ አንድ ነው አለ፤ ደወሉ ሲጮህ ሰውየውን ማቆምና ማንነቱን መጠየቅ። ከዚያ በበሩ አጠገብ ባለው የዘበኞቹ ማረፊያ ግድግዳ ላይ አንድ ቀይ ማጥፊያ ገጠመ። ሲጫኑት ደወሉ ዝም ይላል፣ በሩም ይለቃል። ይቺ ለክፉ ቀን ብቻ ናት ብሎ አስጠነቀቃቸው።

ሥርዓቱ መልካም ነበር። ዕቃው አልዋሸም። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ተመላላሽ ታካሚው ተሰልፎ ሳለ አንድ አዛውንት ከውስጥ ወደ በሩ መጡ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። አረማመዳቸውን ያየ ሰው ሳያውቀው ከመቀመጫው ይነሣል።

ደወሉ ጮኸ። በሩ ተቆለፈ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ እንደሚታየው ዓይነት አስተያየት።

አዛውንቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ምን ጠፍቶባችሁ ነው?" አሉ።

ላቀው ፊቱ ጋለ። እኚህን ሰው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማነዎት ከየት ነዎት ሊል? ያ ከአጥር ማዶ የሰማው ነገር በውስጡ ተነሣበት። አፉ እምቢ አለው።

"ይቅርታ አባቴ፣ ዕቃው አዲስ ነው፤ ሰው አይለይም" አለና ቀዩን ማጥፊያ ተጫነ።

ደወሉ ዝም አለ። በሩ ተከፈተ። አዛውንቱም እግዚአብሔር ያክብርህ ብለው መርቀውት ወጡ። ላቀው አሜን አለ።

ክፉ ሠራ? እስቲ ንገሩኝ። ትልቅ ሰው በአደባባይ እንዳያፍር ማድረግ ክፋት ነው?

ወዲያው በማረፊያው ያለው ስልክ ጮኸ። ቤዛዊት ናት፤ ስክሪኑን የምትጠብቀው ልጅ። በሩ ላይ ያሉትን ሰው እንዲያቆይላት ለመነችው። እሱም፣ አንድ የተከበሩ ሰው ነበሩ፣ አሳልፌያቸዋለሁ አላት። ቤዛዊት ሁሉንም አይታለች፤ የአምባሩም ቁጥር ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ለምን አሳለፏቸው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ጋሽ ላቀው በአባቷ ዕድሜ ነው። እሷ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር የጠበቀን ሰው ሥራህን አልሠራህም ልትለው?

"እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

አስተዋላችሁ? ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

አዛውንቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መምህር ሀብተየስ ይባላሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነገር ይጠፋባቸዋል፤ ቤታቸውን፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም የልጃቸውን ስም። ስኳርም አለባቸው። ያን ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተዋል፤ ቁርሳቸውን ግን ገና አልቀመሱም። ሴት ልጃቸው ስንዱ መድኃኒት ልታመጣ ብቅ ባለችበት ነው ተነሥተው የወጡት። ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። ቁርሱ ከነክዳኑ ራስጌው ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ የነገራትን ታስታውሳለች፤ መርፌውን ተወግተው ምግብ ካልበሉ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ቶሎ ካልተደረሰላቸው አይመለሱም።

እየሮጠች ወደ በሩ መጣች። ግራጫ ልብስ የለበሱ አባት አይታችኋል ወይ አለች። ላቀው ቦታውን ለጓደኛው ትቶ፣ የስልክ ቁጥሯን ይዞ፣ ወደ መንገዱ ወጣ።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ ጠየቀው። ባለሱቁ፣ አዎን አልፈዋል፣ ተነሥቼ እጅ ነሣኋቸው አለው። ሎተሪ አዟሪዋን ጠየቃት። እሷም፣ ሁለት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ሲሉ አይቻቸዋለሁ፣ መንገድ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር፣ ግን እንዲያ የለበሰ ሰው መንገድ ጠፋዎት ወይ ይባላል እንዴ አለችው። አንድ ባለባጃጅ ደግሞ፣ እኔ ነኝ የጫንኳቸው አለ። ወዴት ነው ስላቸው ወደ ፊት አሉኝ፤ እኔም ወደ ፊት ነዳሁ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ አወረድኳቸው፤ ለትልቅ ሰው ብዬ በነፃ ነው ያደረስኳቸው አለ። ይህን ሲል ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ከተማው ሁሉ አይቷቸዋል። ከተማው ሁሉ ተነሥቶላቸዋል። አንድም ሰው አልጠየቃቸውም።

ላቀው ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ገባ። አስፋልቱ ካለቀበት አልፎ አዲስ መንገድ እየተሠራ ነው። መምህሩን በተቆፈረው የውኃ መውረጃ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ባርኔጣቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወድቋል። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል። ላቀው ወደ ስንዱ ደወለ። ስኳር ስጡልኝ ብላ ጮኸችበት። ለመንገድ ሠራተኞቹ ሻይ የምትሸጥ ሴት ውኃ ውስጥ ስኳር በጥብጣ እየሮጠች አመጣች። ላቀው አንገታቸውን ደግፎ ጠብ ጠብ እያደረገ አጠጣቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ሲያልፍ ዓይናቸው ተመለሰ።

ተረፉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ሐኪሙ ግን፣ ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው አለ።

ሐሙስ ዕለት ዳይሬክተሩ የሚመለከታቸውን ሰበሰበ። ላቀው ማመልከቻ ጽፎ መጣ። ወደ ኋላው በር እንዲያዛውሩት ይለምናል። ለምን ሲሉት፣ በዚያ የሚያልፈው የውኃ ቦቴ ነው፣ ቦቴ ከየት መጣህ ቢሉት አያፍርም አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ዳይሬክተሩ ሊፈርም እስክሪብቶውን አነሣ።

ስንዱ እኔም የምለው አለኝ አለች።

"ሙሉ ልብስ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ" አለች። "እጅጌውን ወደ ታች የሳብኩትም እኔ ነኝ፤ አምባሩ እንዳይታይ። መምህር ሀብተየስ አእምሯቸውን ሳቱ እንዳይባል። ጎረቤት መንገድ ላይ ግራ ገብቷቸው አየናቸው ሲለኝ፣ ደክሟቸው ነው እያልኩ ስመልስ ኖርኩ። ጋሽ ላቀው ደወሉን አንድ ቀን ነው ያጠፉት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥፍቼዋለሁ።"

ከኋላ የተቀመጠችው ቤዛዊት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እኔም አይቼ እሺ ብዬ ዘግቻለሁ አለች።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

አምባሩ ለበሩ ነገረው። በሩ ለደወሉ ነገረው። ካሜራው ለስክሪኑ ነገረው። ዕቃ ከዕቃ ጋር ተነጋገረ። ነገሩ ሰው ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ። ልጅ በአባቷ አፈረች፤ ዘበኛ አዛውንቱን አፈራቸው፤ ወጣቷ ዘበኛውን አፈረችው። በሦስት ሰው ይሉኝታ መካከል አንድ ሰው ወደ ጉድጓድ አፋፍ ሄደ።

እናንተስ? በእናንተ ቤት የሚጮህ ደወል የለም? ወንድማችሁ ከማለዳ ጀምሮ አፉ መጠጥ ይሸታል፤ ያ ደወል ነው። ጎረቤታችሁ በሞቃት ቀን ፊቷን በሻሽ ሸፍና ትወጣለች፤ ያ ደወል ነው። ከማኅበር ቀርቶ የማያውቅ ሰው ሦስት ወር ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ያም ደወል ነው። ሰማን እኮ! አልሰማንም አንበል። ሰማንና እጃችንን ወደ ማጥፊያው ሰደድን። ምን አገባኝ አልን፤ ይከፋዋል አልን፤ ትልቅ ሰው ነው አልን።

ይሉኝታን አልነቅፍም። ይሉኝታ ባይኖር በአንድ ግቢ ተቻችለን ባልኖርን። ትልቅን ማክበርም ከፈጣሪ የተሰጠን ነው። ነገር ግን ሰውን ወደ ገደል በክብር መሸኘት አክብሮት ነው? የመጀመሪያው ሰው ከዛፎቹ መካከል በተሸሸገ ጊዜ፣ ፈጣሪ የት ነህ ብሎ የጠየቀው ያለበት ጠፍቶት ነው? አይደለም። ሊያሳፍረው ብቻም አልነበረም። መፈለጉን ሊያሳውቀው ነው። የሚወድህ ሰው ይጠይቅሃል። የማይታየው ሰው ነው ሳይጠየቅ የሚያልፍ።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የማንን በር ታንኳኳላችሁ? ማንን ነው ስትሸሹት የቆያችሁት? ሂዱና ጠይቁት። በቁጣ አይደለም፣ በወሬ ፍቅርም አይደለም። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። ቢከፋው ይክፋው፤ ነገ ያልፍለታል።

ላቀውም የፈራው ይህንኑ ነበር። ስንዱ በዚያ ስብሰባ ላይ ወደ እሱ ዞራ፣ አባቷ ዓርብ ከሆስፒታል እንደሚወጡና በዋናው በር አብረው እንደሚያልፉ ነገረችው። እኔንም እሳቸውንም በሰው ሁሉ ፊት እንዲጠይቁን እፈልጋለሁ አለችው።

"ቢቆጡኝስ?" አላት።

"ይቆጡዎት እንጂ። የሚቆጣው በሕይወት ያለ ሰው ነው።"

ላቀው ተነሥቶ፣ ዳይሬክተሩ ሊፈርምበት የያዘውን ማመልከቻ እንዲመልስለት እጁን ዘረጋ። ተቀብሎም አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"እጃቸውን ይዤ እጠይቃቸዋለሁ" አለ።