አንዱ እጅጌ

ተረት ተረት በሉኝ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉልኝ።

በግ ፀጉሯን ተሸልታ ለጦጣ ሰጠች፤ ጦጣም ብርድ ሳይገባ ሹራብ ልትሠራላት ቃል ገባች። ፀጉሩን ፈትላ አንዱን እጅጌ እንደጨረሰች ግን ገበያ ላይ ቀይ ክር አየች። ያን ጊዜ የበጓ ነጭ ክር አስጠላትና ቀዩን ገዝታ ሌላ ሹራብ ጀመረች።

ውርጭ በወረደ ማለዳ በግ እየተንቀጠቀጠች መጣች።

«እመት ጦጣ፣ ሹራቤ ደረሰ?»

ጦጣ ቀዩ ክር ላይ ቁጭ ብላ ነጩን እጅጌ ዘረጋችላት። «ይኸው፣ እጅጌው አልቋል።»

«እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ! ግን እኔ አራት እግር አለኝ፤ የትኛውን ላልብስ?»

በግ አንድ እግሯን አልብሳ፣ ሦስቱን በውርጩ ላይ እያነሳች እየጣለች ሄደች።

ጦጣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ቀዩ ክር ሞቆ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ በጓን አልብሱ።