እመት ሳብ፣ ፋብሪካዋ የተዘጋባት መኪና

ተረት ላምጣ? አምጪ በሉኛ! እንግዲህ ጆሯችሁን ወዲህ፣ ልባችሁን ወዲህ።

ድሮ፣ መኪናም አፍ በነበራት፣ ዶሮም ወሬ በሚያዞርበት ዘመን፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር በአሰላ ከተማ አንዲት አረንጓዴ መኪና ነበረች። ስሟ እመት ሳብ፣ አገሯ ስዊድን። ያመጣት ሰው የእርሻ ባለሙያ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ለከተማው ሆስፒታል አዋላጅ ለሲስተር የሺመቤት ሰጣትና፣ «እንደ እህትሽ ያዢያት» ብሏት ሄደ።

ሲስተር የሺመቤትም እንደ እህቷ ያዘቻት። ዘይቷን በጊዜው ትቀይርላታለች፣ ጭቃዋን ታጥብላታለች። እመት ሳብም ብርድ ነው አትል፣ ዝናብ ነው አትል፤ ቁልፏ ሲዞር ጉርርር ብላ ትነሣለች።

በግቢው ውስጥ ደግሞ አያ አውራ ዶሮ ነበር። ድሮ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነበር። እመት ሳብ ከመጣች ወዲህ ግን ሰዉ፣ «የሲስተር መኪና ተነሣች፤ ነግቷል ማለት ነው» እያለ መንቃት ጀመረ። አያ አውራ ዶሮ በቅናት አረረ።

«ቆይ ብቻ! ስሟን አጠፋዋለሁ» አለ።

በማግስቱ አጥር ላይ ወጣና፣ «ኩኩሉ! የእመት ሳብ ፋብሪካ ተዘግቷል! ወላጅ የሌላት ናት!» ብሎ ጮኸ። ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ ወሬው በሬዲዮ ተነግሯል።

በሁለተኛው ቀን፣ «ኩኩሉ! ብትሰበር መለዋወጫ የላትም!» አለ።

በሦስተኛው ቀን፣ «ኩኩሉ! ስሟንስ አልሰማችሁም? ሳብ! በገመድ አስራችሁ ሳቧት ማለት እኮ ነው!» አለ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ወሬው ከቆራሌው ጆሮ ደረሰ። ጆንያውን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመና፣ «ሲስተር፣ አሮጌ ብረት አለዎት አሉ። ቆራርጬ ልውሰድልዎ?» አለ።

ሲስተር የሺመቤት መኪናዋን አየቻት፤ ሰፈሩን አየችው። «እስቲ ላስብበት፤ ቅዳሜ ተመለስ» አለችው።

እመት ሳብ ይህን ሰማች። «እውነታቸውን ነው» አለች በልቧ። «ብሰበር ማን አለኝ?»

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ሁንዴ የሚባል ገበሬ በፈረስ እየጋለበ መጣ።

«ሲስተር፣ ይድረሱልን! ባለቤቴ ሶሬቲ ምጥ ጠንቶባታል። አምቡላንሱ ሌላ እናት ሊያመጣ ሄዷል።»

ሲስተር የሺመቤት ቦርሳዋን አነሣች፤ ቁልፉን አዞረች። ጉርርር! እመት ሳብ ተነሣች። ሁንዴ በፈረሱ እየመራቸው ወጡ።

መንገድ ላይ ጭቃ ተኝቶ ጠበቃቸው። «ወዴት ነው? ብትሰበሪ ማን ይጠግንሻል?» አላት።

«ሌሎቹ መኪኖች በኋላ ጎማቸው ይገፋሉ፤ እኔ በፊት ጎማዬ እስባለሁ። ሳብ መባሌ ለዚህ ይሁንልኝ!» አለችና ጭቃውን ከፍላው ወጣች።

ወረድ ሲሉ ጅረት ሞልቶ ጠበቃቸው። «ወዴት ነው? ብትሰበሪ ማን ይጠግንሻል?» አላት።

«አንድ እናት ትጠብቀኛለች። ጥቂት ዝቅ በልልኝ፣ አባቴ» አለችው። ጅረቱ እናት ሲባል አፈረና ዝቅ አለላት።

ሶሬቲን አሳፍረው ወደ ሆስፒታሉ ሲመለሱ ደግሞ ዳገት ጠበቃቸው። ዳገቱ አልጠየቃትም፤ ዝም ብሎ ረዘመባት። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ጧ! ሞተሯን የምታቀዘቅዝላት የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ተበጠሰች። እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። ሲስተር የሺመቤት ሞተሩን አጠፋች። ከኋላ ሶሬቲ አቃሰተች።

«ይኸው፣ የፈራሁት ደረሰ» አለች እመት ሳብ። «መለዋወጫ የለኝም፤ ወላጅ የለኝም።»

ያኔ ፈረሱ ጠጋ አለና፣ «እህቴ፣ ከኮርቻዬ ላይ ጠፍር ውሰጂ። እኔ ያለ ኮርቻ እሄዳለሁ» አላት።

ሁንዴ ጠፍሩን ፈታ፤ በተበጠሰችው ቺንጋ ቦታ አዙሮ አጥብቆ አሰረው። ሲስተር የሺመቤት በሁንዴ ከጅረቱ ውኃ አስቀድታ፣ ሞተሩ በረድ ሲል ሞላችላት።

«በይ እህቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለቻት በሹክሹክታ፣ መሪዋን እየዳበሰች።

ጉርርር! እመት ሳብ ዳገቱን ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ ሳበችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ነበር ጠፍሩ የላላው። ሶሬቲም በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ታቀፈች።

ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ ሲስተር የሺመቤት ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎችን ሰጠችውና፣ «ያለኝ አሮጌ ብረት ይሄ ብቻ ነው» አለችው። አያ አውራ ዶሮም ወሬውን ትቶ፣ ከአጥሩ ወርዶ ጥሬውን መልቀም ያዘ።

ሶሬቲ ስትጠና የመንደሯ እናቶች ለምስጋና እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። መርቀው መርቀው በእመት ሳብ ግንባር ላይ አኖሩላት።

«ተመስገኚ!» አሏት።

እመት ሳብም፣ «ጠፍሩን የሰጠኝን ፈረስ አመስግኑልኝ» አለች። «እንደ እህት የያዘችኝን አመስግኑልኝ። ደግሞ ከባሕር ማዶ ብሎኔን ያጠበቁልኝ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ቀርቷል፤ በራቸው ተዘግቷል። ሶሬቲን አያውቋት፣ ይህን ዳገት አላዩት። ግን ማንም ሳያያቸው አጥብቀው አሰሩ። እነሱንም አመስግኑልኝ።»

እናቶቹም ፊታቸውን ወደ ማያውቁት አገር አዙረው፣ «እጃችሁ ይባረክ!» አሉ።

አያችሁ? በር ይዘጋል፤ አጥብቀው የሠሩት ሥራ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ተረቴን እኔ አደረስኩ፤ ምርቃቱን እናንተ አድርሱ።